የግድቡ ዓሣ ገንዳ ውሃ የገባ ዕለት

ነገሩን የሰማሁት በአጥር ነው። በእኔና በደምለው ግቢ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ከገንዳ ውሃ ከተማ አጥሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ወሬ በማሳለፍ ግን ወንፊት አይደርስበትም። ማለዳ ነበር። የቆላ ማለዳ ነውና ቆርቆሮው ከአሁኑ እንቁላል ይጠብሳል። እኔ በጠፍር የተጠለፈው የሱዳን አልጋዬ፣ አንገረቡ ላይ ተጋድሜ ሻዬን ስጠጣ፣ የደምለው ሚስት ውባንች ከአጥሩ ወዲያ ድመቷን ታናግራለች። «አንቺስ ታድለሻል» ትላታለች። «የእኛንም ሥጋ በላሽ፣ የእነሱንም ሥጋ በላሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለቱንም ቤት በደንብ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ይኸው ነገ መሄዴ ነው፤ የረቢዓን የሥጋ ወጥ በሽታው እንጂ በጣዕሙ ሳላውቀው።» ድመቷ የመለሰችላትን አልሰማሁም። እኔ ግን ሻዬን መሬት አስቀመጥኩ።

አገራችንን የሚያውቅ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ለማያውቅ ልንገረው። እኛና እነ ደምለው ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከእንቁላሉ፣ ከሱዳን ከሚመጣው ብስኩት ሁሉ ከአንድ ትሪ በልተናል። ሥጋ ሲሆን ግን እኔ ክርስቲያን ያረደውን አልበላም፣ ደምለውም እስላም ያረደውን አይበላም። ዒድ ሲሆን ለእነሱ ዶሮውን ከነሕይወቱ እንልክላቸዋለን፣ ራሳቸው ያርዱታል። ፋሲካ ሲሆን እነሱ ለእኛ በግ ከነቀንዱ ይሰዱልናል፣ እኔ አርደዋለሁ። ፍቅር በአጥሩ ላይ የሚያልፈው በእግሩ እየሄደ ነው፤ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አያልፍም። ደግሞ ባዕድ አይደለንም። ልጄ ዘሀቢያ ስትወለድ ባለቤቴን ረቢዓን ወባ ጣላትና ወተቷ ነጠፈ፤ ያን ጊዜ ውባንችም ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች። ሁለቱን ሕፃናት በሁለት ጡቷ አስይዛ ስታጠባ፣ ሰው ከመተማ ዮሐንስ ድረስ እየመጣ ያያት ነበር። በእኛ ደንብ ከአንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው። ስለዚህ የደምለው ቤት ዘመዴ ነው፤ ያውም ከአጎቶቼ ልጆች የሚበልጥ፣ ምክንያቱም አይበደረኝም።

አሁን ያ የውባንች ልጅ፣ የዘሀቢያ የጡት ወንድም፣ ጎንደር ሥራ ይዞ ቤት ተከራይቶ እናትና አባቱን ሊወስድ ነው። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ረቢዓ ወሬውን የሰማችው ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ሻጭ ነው። «የጎረቤትሽ ዕቃ ሽያጭ መቼ ነው? ቁምሳጥኑን እኔ ላንሳው» ብላ ሻጯ ስትጠይቃት፣ ባለቤቴ ሽንኩርቱን እዚያው ትታ ባዶ ዘንቢል ይዛ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ለውባንች ቃል አልተነፈሰችም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጸጥታ ሰምቻለሁ፤ ጦርነት ሊጀመር ሲል ያለውን ጸጥታ ሰምቻለሁ፤ የረቢዓን የሚያህል ግን አልሰማሁም። ልብስ ስታሰጣ ጀርባዋን ለአጥሩ ትሰጣለች። ውባንችም ከወዲያ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሁለት ጀርባ በአንድ ቆርቆሮ ተደጋግፎ ሰነበተ። ነገ በጠዋት መኪና ዕቃቸውን ጭኖ ከሄደ፣ እነዚህ ሁለት ሴቶች በዚሁ እንደተኳረፉ ሊለያዩ ነው። ጎንደር ሩቅ አይደለም፤ ከኩርፊያ ጋር ሲሆን ግን ከካርቱም ይርቃል።

እዚያው አንገረቡ ላይ እንደተጋደምኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከዚያ በፊት የመጣለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ዓሣ። ዓሣን ማን ያርደዋል? እስላምም አያርደው፣ ክርስቲያንም አያርደው፤ ከውሃ ይወጣል፣ ይሞታል፣ ይበላል። ቢስሚላሂም በስመ አብም ብለህ መጉረስ ነው። የትኛው ዓሣ ለሚለውም መልስ ነበረኝ። የሰሊጥ ጫኙ ሾፌር ሙሐመድጣሂር ከግድቡ ሐይቅ፣ ከንጋት ሐይቅ፣ ዓሣ በበረዶ ጭኖ ለጎንደር ሆቴሎች አራግፎ፣ ዛሬ ሰሊጥ ለመጫን ወደ እኛ እየወረደ ነበር። የእነ ደምለውን ዕቃም ከሰሊጡ በላይ የሚጭነው እሱ ነው። ሐይቁ ከእኛ በስተደቡብ ነው። ወፍ ብሆን በቋራ ቆላ ላይ በርሬ ለቁርስ እደርሳለሁ፤ መኪና ግን በቻግኒ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የግድቡ ዓሣ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከብዙ ባለሥልጣን በላይ አገር ያያል።

ደወልኩለት። ጭልጋ ቁርስ እየበላ ነበር።

«ዓሣ ተርፎሃል?»

«ተርፎኛል ያ ዞል፣ አንተ ሰው። ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

«ትልቁን ለኔ። ከሱ የሚበልጥ እንዳይኖር።»

«ትልቁ ትልቅ ነው። እግሩ ከሳጥኑ ወጥቶ ነው የመጣው።»

«ዓሣ እግር አለው እንዴ?»

«ጭራውን ማለቴ ነው። እንቅልፍ አልተኛሁም፣ አታስለፍልፈኝ። ለማንም አልሰጠውም፣ ተማም?»

«ተማም፣ እሺ።»

ስለ ግድቡ በዚህ ከተማ ከኔ የሚበልጥ አዋቂ የለም፤ አላየሁትም እንጂ። ቦንድ የገዛሁት ገና ከጠዋቱ ነው። በኔ ቦንድ የተገዛው ሲሚንቶ ብቻውን ዓባይን ግማሽ ቀን ያቆመዋል። ደምለው ደግሞ ሁለት ዓመት ዶዘር ነድቶበታል። ውሃው ጫካ ሲውጥ፣ ኮረብታ ደሴት ሲሆን በዓይኑ አይቷል። ሰው «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ግን «ትልቅ ነው» ይልና ወደሚጠግነው ትራክተር ሥር ይገባል። ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዲያይ መደረጉ ያናድዳል። እኔ ባልኖር ኖሮ ገንዳ ውሃ ስለ ግድቡ ምንም ሳይሰማ በቀረ ነበር። ውሃው ከላዩ አውሮፕላን ሲያልፍ ጥላው ከዳር እዳር ለመሻገር ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅበት የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ገበያ ወጣሁ። ነገሩ በጥንቃቄ መሠራት ነበረበት። የእኛ ትሪ የእኛን ሥጋ ነክቷል፣ የእነሱም የእነሱን። ስለዚህ ማንም ያልነካው አዲስ ትሪ፣ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ቢላዋ ያስፈልጋል። የሐሚዳ ሱቅ ገብቼ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለውን የሱዳን ትሪ አስወረድኩ። የአይሱዙ ጎማ ያህላል። ሐሚዳ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ «የሰርግ ነው?» አለችኝ።

«የዓሣ ነው።»

«ስንት ዓሣ?»

«አንድ።»

ትሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ሁለት ሺህ ነው» አለች፣ «ግን ለእንዲህ ያለ ዓሣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። መጥቼ ካየሁት።» አምስት ሊትር ዘይት፣ ዘንቢል ሙሉ ሎሚ፣ የሚያህል የሌለው ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። በየደረስኩበት ስለ ዓሣው ይጠይቁኛል፤ ሰው ከጠየቀ መመለስ ግዴታ ነው። ሐሚዳ ጋ ስነሳ የበግ ጠቦት ያህል ነበር። ዳቦ ቤቱ ጋ ጥጃ አከለ። መናኸሪያ ስደርስ ጫኝ ወጣቶች ስንት ሰው እንደሚያወርደው ይከራከሩ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ከግድቡ አንድ ዓሣ በክሬን ተጭኖ እየመጣ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። ይሄን እኔ አላልኩም። ግን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አመንኩት።

ረቢዓ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ሳሎናችን አስራ ሁለት ትራስ፣ ሁለት የመካ ሥዕል፣ አንድ ማቀዝቀዣ አለው፤ ማቀዝቀዣው ከጠዋት ጀምሮ ቁምሳጥን ነው፤ መብራት ጠፍቷል። የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት ቅቤው ራሱን አንጥሯል። ትሪውን መሀል ላይ አስቀመጥኩና ሐሳቤን በሙሉ አስረዳኋት። ከሩዙ ላይ ቀና ሳትል ሰማችኝ። አንድ ጠጠር አወጣች። ሌላ ጠጠር አወጣች።

«እሷ ከኔ ጋር ልትበላ?» አለች በመጨረሻ።

«ከማን ጋር ትብላ?»

«ከሽንኩርት ሻጯ ጋር። ምስጢረኛዋ እሷ ናት።»

«ጥሪያት። አንድ ጊዜ በአጥሩ ላይ ስሟን ጥሪ፣ ሌላው የኔ ነው።»

«የሄደች እሷ፣ የምለምን እኔ?» ብላ ሩዙን እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች። ዘሀቢያ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አንስታ አሳየችኝ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ሳምንት ሆኗቸዋል ማለቷ ነው።

ወዲያ ማዶ ሄድኩ። የእነ ደምለው ቤት ሳይሄዱ ሄዷል። አልጋው ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፎቶ የተሰቀለበት ቦታ ሁሉ ከቀሪው ግድግዳ ነጥቶ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኗል፤ ሲናገሩበት ያስተጋባል። ደምለው ፍራሹን በገመድ እየጠፈረ ነበር። ስለ ዓሣው ስነግረው «ትልቅ ነው?» አለኝ። «ትልቅ ነው» አልኩት። እራሱን ነቀነቀ፤ በእሱ ዘንድ ይህ ንግግር ነው። ውባንች ግን ብርጭቆዎችን በጋዜጣ እየጠቀለለች «ረቢዓ ጠራችኝ?» አለች።

«ማለት…»

«ኸሊፋ፣ አንተን አልጠየቅሁም። አንተማ አገሩን ሁሉ ትጠራለህ። እሷ በአፏ ጠራችኝ?»

እንግዲህ በሁለት ኩርፊያ መካከል የቆመ ሰው ምን ያድርግ? ሰላም ለማውረድ ትንሽ ነገር መጨመር በእኛም በእነሱም የተፈቀደ ነው ብዬ አምናለሁ። «በአፏ» አልኳት። «ዓይኗ እንባ አቅርሮ።» ውባንች የያዘችውን ብርጭቆ ሦስተኛ ጊዜ ጠቀለለችው። ከዚያ ተመልሼ ለረቢዓ «ውባንች፣ እሷ ባትጠራኝ እንኳ መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አለች» አልኳት። ረቢዓ ሩዙን አስቀመጠች። «እግሬ ላይ?» አለች። «በአፏ?» «በአፏ።» ተነስታ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ነጭ ሽንኩርቱንም መላጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ በደንብ ተጋደምኩ። የተባበሩት መንግሥታት የሚከፍላቸው ሰዎች ይህንን የሚያህል ሥራ በአንድ ጠዋት አይሠሩም።

መኪናው የገባው ከዓስር ሶላት በኋላ ነው። ሰሊጥ ተወቅቶ ያለቀበት የኅዳር መጀመሪያ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ አይሱዙና ጆንያ ነው፤ ቢሆንም የእኔን መኪና ለይቶ የሚከተል ሕዝብ ከመናኸሪያ ጀምሮ ተነስቶ ነበር። ሰፈራችን ሲደርስ የገበያ ቀን መሰለ። ሐሚዳ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ሙሐመድጣሂር ከጋቢናው ወርዶ ሕዝቡን ሲያይ «ሰው ሞቶ ነው?» አለ። የኋላው ተከፈተ፤ ከበረዶ ሳጥኑ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል። እኛ ቤት መብራት ቢኖር እንደገና ይረጋ ነበር፤ ግን የግድቡ ዓሣ የመጣው መብራት በሌለበት ቀን ነው፤ ያለ መብራቱ ብቻውን ነው የመጣው።

አራት ጫኞች ወደ ላይ ወጡ። ከእነሱ አንዱ ባየልኝ ነው፤ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ጫኝ የሆነ ሰው። ሳጥኑ ውስጥ ካየ በኋላ ቀና ብሎ «ይኸን ማን አረደው?» አለ።

«ዓሣ አይታረድም» አልኩት።

«ታዲያ እንዴት ሞተ?»

«ከውሃ ሲወጣ ነዋ።»

«ከውሃ ስለወጣ ብቻ?»

«ካገሩ ሲወጣ ይሞታል።»

ባየልኝ ትንሽ አሰበና «እኔም ከጎጃም ስወጣ ጥቂት ሞቻለሁ» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ በጭራው፣ ሁለቱ በጭንቅላቱ ይዘው ወደ ብርሃን አወጡት።

ወላሂ ትልቅ ነበር። የተናገርኩትን ያህል ባይሆን እንኳ አላሳፈረኝም፤ ከአንገረቡ ላይ ቢያስተኙት ሁለት እግሩ፣ ማለቴ ጭራው፣ ያልፋል። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ተቀባ ቆዳ ያብለጨልጫል፤ አፉ ግራና ቀኝ እንደ ሽማግሌ ረጃጅም ጢም አለው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሐሚዳ ትሪው ትንሽ ነበር አለች። ረቢዓ በእኛ በር ብቅ አለች፣ ውባንችም በእነሱ በር። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ውባንች ቀስ ብላ ቀረበች። እሷ የደንቢያ ልጅ ናት፤ ጣና ዳር ነው ያደገችው። በአንድ ጣቷ የዓሣውን ጎን ነካች፣ ጣቷን ከላይ ወደ ታች ሳበች፣ ከዚያ ጢሙን አየች።

«ይሄ አምባዛ ነው» አለች።

«ከግድቡ ነው» አልኳት።

«ከግድቡም ቢሆን አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም። ለእናንተ ይሆናል፣ ለእኛ ግን አይሆንም።» ቀጥላ ደግሞ በዝግታ፣ «ስንት ዓይነት ዓሣ እያለ ይሄንን መረጥክ?» አለችኝ።

ከሐይቁ እስከ ገንዳ ውሃ ከነበረው ዓሣ ሁሉ፣ እስላም የሚበላውን ክርስቲያን የማይበላውን አንዱን፣ ያውም ትልቁን፣ ያውም በሕዝብ ፊት አምጥቼላት ነበር። ሙሐመድጣሂር «ትልቁን ብለህ ነዋ» አለ፣ ራሱን ለማዳን። «ትልቁ ሁልጊዜ አምባዛ ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው ረቢዓ አፏን የከፈተችው። ያየችው ግን ወደ እኔ አልነበረም። «አየሽው ውባንች?» አለች። «ትልቁን ነው ያለው። ሲያገባኝም ለአባቴ ያመጣውን ግመል ታስታውሺያለሽ፣ ነግሬሻለሁ። ትልቅ ነው ብሎ የታመመ ግመል።»

ውባንች ሳቋ አመለጣት። «ሌሊቱን ሞተ አልሽኝ አይዶል?»

«ሌሊቱን። ለማረድም አልደረስንለትም።» ረቢዓም መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ በመካከል አቁማ «እግሬ ላይ ትወድቂያለሽ ብሎኝ እኮ ነው ከሰል ያቀጣጠልኩት» አለች።

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ እንባ አቅርረሽ የጠራሽኝ?»

«ማን? እኔ?»

ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ። የበረሃ ፀሐይ አውቃለሁ፤ አንበሳም በአልጣሽ ጫካ ከሩቅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ግን አላውቅም። ነገር ግን ያን ዕለት በዚያ ሰፈር ውስጥ ከኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም የተቆጡት አብረው ነበር።

ትሪው ግን አሁንም ባዶ ነው። አምባዛውን ለሰፈሩ እስላሞች ሰጥተን ሐሚዳ መክተፍ ጀመረች። ሙሐመድጣሂር ሳጥኑን ዘንበል አድርጎ የበረዶውን ውሃ ሲደፋ፣ ከታች አንድ ነገር ሸርተት ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። አንስቶ አፈሩን ጠረገው። አንድ ቆሮሶ ዓሣ ነው። አጥማጆቹ የሳጥኑ ጥግ ባዶ እንዳይሆን ሸጉጠውት ቀርቷል። ስለ መጠኑ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ቅርፊቱ ግን ከዳር እዳር ተሰድሯል። «ይሄንን በሰው ፊት?» ብዬ ልደብቀው ስል ውባንች ከእጄ ወሰደችው። «ይሄ ይበላል» አለች። ለረቢዓ ሰጠቻት። ረቢዓ ገልብጣ አየችውና «ለአምስት ሰው?» አለች። «ለአምስት ሰው» አለች ውባንች። ተያይዘው ወደ እኛ ጓዳ ገቡ።

ረቢዓ ዓሣ አሰናድታ አታውቅም። ውባንች በአዲሱ ቢላዋ ጀርባ ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ስትገፋ፣ ቅርፊቱ በየአቅጣጫው እየበረረ የሁለቱንም ሻሽ አለበሰው። እኔ ከበሩ ውጭ አንገረቡ ላይ ነበርኩ፤ መስማት ሥራዬ ስለሆነ አይደለም፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። ደምለውም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከሽንኩርት ሻጭ ሰማሁ» አለች ረቢዓ። ድምጿ አሁን ሌላ ነው።

«አውቃለሁ።»

«እሷ ከኔ በላይ ሆና?»

«እሷ ቁምሳጥኑን ስለፈለገች ነው የነገርኳት። አንቺ ጋ ልነግርሽ ስንት ጊዜ መጣሁ። በር ላይ ስደርስ፣ ጨው ስጪኝ እልሻለሁ።»

«እኔም እኮ ይቺ ሴት በጨው ምን ታደርጋለች እል ነበር።»

«ጠቅልዬዋለሁ። ጎንደር ይዤው ልሄድ ነው።» ቢላዋው ቆመ። «ብነግርሽ፣ ቅሪ ትይኛለሽ። አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እኔ እቀራለሁ። ልጄ ደግሞ ብቻውን ነው፣ ሽሮ ማማሰል አይችልም።»

ደምለው ወደ መሬት እያየ ነበር፤ እኔ ወደ ሰማይ። በመጨረሻ የረቢዓ ድምፅ መጣ። «በይ ሄደሽ ያንን ጨው አምጪው። ዓሣው ጨው ይፈልጋል።»

ጥብሱ ጊዜ አልፈጀም። እንዲህ ያለ ዓሣ ዘይት ሲያይ ይጨርሳል። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አዲሱን የሱዳን ትሪ ምንጣፉ መሀል አስቀመጡት። እንጀራ ቢነጠፍበት ከዳር አልደረሰም፣ ዳቦና ሎሚ ከበቡት፤ ከመካከል፣ እንደ ሰሊጥ እርሻ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፣ ያቺ ቆሮሶ ተጠብሳ ተኝታለች። እኔና ደምለው፣ ረቢዓና ውባንች፣ ዘሀቢያም ተጨምራ ዙሪያዋን ተቀመጥን። ትሪው ሰፊ ስለሆነ ወደ መሀል ለመድረስ ሁላችንም ማጎንበስ ነበረብን፤ አምስት ራስ ተጋጨ። ረቢዓ ከጎኑ ነጩን ሥጋ በጥንቃቄ ለቅማ፣ አጥንት እንዳይኖረው በጣቷ ደባብሳ፣ ሎሚ ጨምቃበት ወደ ውባንች አፍ አቀረበችው። ውባንች ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ጎርሳም ቶሎ አልዋጠችም። ከዚያ እሷም ለረቢዓ አጎረሰች። እኔ በብዙ ሰርግ ተገኝቻለሁ፣ ሱዳን ውስጥ ሰባት ቀን የተበላበት ሰርግ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ጉርሻ እንዲህ ሲረዝም ግን አላየሁም።

«ከባሕሩ ነው የመጣው ለካ» አለች ረቢዓ፣ ዓሣውን ሳይሆን ደምለውን እያየች። «ጋሽ ደምለው፣ እንዴት ያለ ውሃ ነው?»

«ትልቅ ነው» አለ ደምለው። እኔ ቀሪውን ልጨምርላት አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለ። «ዛፎቹ ውሃው ውስጥ ቆመው ነው ያሉት። ጫፋቸው ብቻ ይታያል። አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚያስሩት በዛፍ ጫፍ ነው። ድሮ ወፍ የተቀመጠበት ቅርንጫፍ ላይ፣ አሁን ዓሣ ያልፋል።» ይህን ሁሉ ተናግሮ እጁን ወደ ትሪው መለሰ። ለስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ይህንን ሳይነግረኝ! አንድም የምጨምርበት ነገር አጣሁ።

ዓሣዋ እየሳሳች ሄደች። የትሪው ዳር ያለው ዳቦ አልተነካም፤ ሁሉም በጣቱ ጫፍ አጥንት ይፈልጋል፣ ቆዳ ይልጣል፣ የጭንቅላቱን ውስጥ ይመረምራል። በመጨረሻ ከጭራው በላይ አንዲት ነጭ ቁራጭ ብቻ ቀረች። ረቢዓ በጣቷ ወደ ውባንች ገፋቻት። ውባንች ወደ ረቢዓ መለሰቻት። ረቢዓ ሎሚ ጨምቃባት እንደገና ገፋቻት። ውባንች ጨው ነስንሳባት መለሰቻት። ዘሀቢያ ይህንን ስታይ ቆይታ «ካልፈለጋችኋት እኔ…» ብላ እጇን ስትሰድ፣ ሁለቱም እኩል እጇን መቷት።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ሙሐመድጣሂር ሰሊጡን ጭኖ ጨርሷል፤ ሊመሽበት ነው፤ የደምለውን አልጋና ፍራሽ ከላይ አስሮ ማደር አለበት። ጫኞቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ባየልኝ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ትሪውን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ መሀል ላይ ያለችውን የቀዘቀዘች ቁራጭ አየ፣ ጎንበስ ብለው የከበቧትን ሰዎች አየ። «እንግዲህ፣ ዕቃውን እናውጣ?» አለ።

ረቢዓ ቀና አላለችም።

«ቆይ ልጄ» አለችው፣ «ገና እየበላን ነው።»